ለመምህሩ የሚከፈለው ገንዘብ ለነጋዴው ምን ያተርፋል?

የትምህርት ዘመን በተጋመሰ ቁጥር በመርካቶም ሆነ በየክልሉ ከተሞች የሚገኙ መደብሮች አንድ ዓይነት እንግዳ ያስተናግዳሉ። እንግዳው ገዢ አይደለም፤ አቅራቢም አይደለም። ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የያዘ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ነው። ደብዳቤው «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» ይጠይቃል። ትብብሩ ምን እንደሆነ ነጋዴው አያውቅም፤ ተማሪውም አጥርቶ አያውቅም። ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ የሚቋጨው ተማሪው መጠይቁን አስሞልቶ፣ ፊርማና ማኅተም አስደርጎ ሲሄድ ነው። የተሞላው ወረቀት የት እንደደረሰ፣ ምን እንደተገኘበት ነጋዴው ዳግመኛ አይሰማም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ፣ ሌላ ደብዳቤ፣ ያው መጠይቅ ይመጣል።

እዚያው ባንኮኒ ላይ ግን ሌላ ወረቀት አለ። የዱቤ ደብተር ነው። ጠርዙ የተበላ፣ የከፈለው በአንድ መስመር የተሠረዘበት፣ ያልከፈለው በቅጽል ስሙ የሰፈረበት። የዕለቱ ሽያጭ በካርቶን ቅዳጅ ላይ ይጻፋል፤ የተረፈው ዕቃ በዓይን ይገመታል፤ ትርፉ ደግሞ ኪስ ውስጥ ባለው ብር ይለካል። ግብር የሚከፈልበት ወቅት ሲደርስ ነጋዴው ሒሳብ ሠራተኛ ፍለጋ ይሯሯጣል። ከዚያ መደብር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ስድሳ ተማሪዎች በዓለም ላይ በሌለ ኩባንያ ስም ዴቢትና ክሬዲት ያመጣጥናሉ። ያ ኩባንያ ዱቤ ሰጥቶ አያውቅም፤ ሰጥቶም ከሆነ ባለዕዳው ሁልጊዜ በሠላሳኛው ቀን ይከፍላል።

ለመሆኑ እነዚህ ሁለት ወገኖች የማይገናኙት ለምንድን ነው? የመልካም ፈቃድ እጥረት አይደለም። ነጋዴው ከልምዱ ለማካፈል ንፉግ አይደለም፤ ተማሪውም ከክፍል ወጥቶ ለማየት ይጓጓል። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኘውን ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ለሚሠራውም ሰው ድካሙን የሚከፍል ወገን ነው። ያ ሰው የኮርሱ መምህር ነው። የግሉ ዘርፍ ለትምህርት ጉዳይ ገንዘብ ለማዋጣት በተጠየቀ ቁጥር ስለ ሕንፃ፣ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ነጻ የትምህርት ዕድል ይነገረዋል። ስለ መምህሩ ኮርስ የሚነግረው የለም። ነገር ግን ከሁሉም ትንሹን ወጪ የሚጠይቀው፣ ለገበያውም ከሁሉም ቀድሞ ፍሬ የሚሰጠው እርሱ ነው።

ነገሩ ስም አለው

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1967 ሮበርት ሲግመንና ዊልያም ራምዚ የተባሉ ሰዎች ለዚህ አሠራር ስም አወጡለት፤ በአማርኛ «በአገልግሎት መማር» ሊባል ይችላል። ተማሪው ለአካባቢው ሰው ጠቃሚ የሆነ እውነተኛ ሥራ የኮርሱ አካል አድርጎ ይሠራል፤ ውጤት የሚሰጠው ግን ለደከመበት ሰዓት ሳይሆን ከሥራው ለተማረው ነገር ነው። እዚህ ላይ ከሌሎች የሚመሳሰሉት ነገሮች መለየት አለበት። የምህንድስና ተማሪዎች የሚወጡበት ኢንተርንሺፕ ተማሪውን ለሥራ ማለማመጃ ነው፤ ኮርስ አቋርጦ መውጣት እንጂ ኮርሱን መለወጥ አይደለም። ችግኝ መትከልና ደም መለገስ የሚመሰገን በጎ ሥራ ነው፤ ከሒሳብ መዝገብ አያያዝ ትምህርት ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርስቲዎች ተልዕኮ አድርጎ ያስቀምጣል። ከአርባ በላይ የደረሱት የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎችም ለዚህ የተመደበ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ዳይሬክተርና ጽሕፈት ቤት ያቋቁማሉ። ችግሩ አገልግሎቱ ከትምህርቱ ጎን የቆመ ሌላ መሥሪያ ቤት መሆኑ ነው። መሥሪያ ቤቱ ዘመቻ ያካሂዳል፤ ሥልጠና ይሰጣል፤ ሪፖርት ይጽፋል (በሪፖርቱ ላይ ፎቶግራፍ አይጠፋም)። የሒሳብ መምህሩ ግን በዚያው በድሮው ማስታወሻ፣ በዚያው በሌለው ኩባንያ ያስተምራል።

ከትናንት የተገኘ ትምህርት

አገሪቱ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት መነሻው በደምቢያ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አዋቅሮ ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ያሠለጥን ነበር። ሕዝቡ ሕክምና አገኘ፤ ተማሪውም ሙያውን ከበሽተኛው ተማረ።

በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ የ«ዩኒቨርስቲ ሰርቪስ»ን መርሐ ግብር ጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በአገልግሎት እንዲያሳልፍ ተደነገገ፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆነው ሄዱ። አሜሪካኖቹ ለነገሩ ስም ከማውጣታቸው ሦስት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ዛሬ በዕድሜ የገፉ ብዙ የተማሩ ሰዎች አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚያ ዓመት እንደሆነ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ለብቻው የተቀመጠ ዓመት ነበር። የኢኮኖሚክስ ተማሪው ደብረ ማርቆስ ወይም አርባ ምንጭ ሄዶ እንግሊዝኛ ቢያስተምር፣ ሲመለስ የኢኮኖሚክስ ኮርሱ ያንን ዓመት የሚቀበልበት ቦታ አልነበረውም። አብዮቱ ሲመጣና በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ መርሐ ግብሩ ቀረ። በየኮርሱ ውስጥ የተተከለ ሥር ስላልነበረው ለመንቀል አላስቸገረም።

ጅማን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከመነሻው ትምህርቱን በማኅበረሰብ ላይ መሠረተ። ተማሪዎች በየዓመቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ቀበሌዎች ይወርዳሉ፤ የሕዝቡን የጤና ችግር ይመዘግባሉ፤ ለይተው ባወቁት ችግር ላይ ይሠራሉ። ሊመረቁ ሲቃረቡ ደግሞ ከተለያየ ሙያ የተውጣጡ ተማሪዎች በቡድን ሆነው በጤና ጣቢያዎች ይመደባሉ። ይህ ሁሉ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የተጻፈ፣ ሰዓት ያለው፣ ውጤት የሚሰጥበት ነው። መንግሥት ተለወጠ፤ ኢንስቲትዩቱ በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርስቲ ሆነ፤ አሠራሩ ግን ቀጠለ። በአንዱ ኮርስ ውስጥ የገባው ነገር ሲቆይ ከኮርሱ ውጭ የነበረው ጠፋ። ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት የሚያመለክተውም ይኸው ልዩነት ነው።

ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ?

የግሉ ዘርፍ ለዩኒቨርስቲ ገንዘብ ሲሰጥ ገንዘቡ ወደ ማዕከላዊው ካዝና ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ ነጋዴው ከማንም በላይ ያውቀዋል። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ግዢው ዓመቱን ሙሉ ሲጓተት ይቆይና ሰኔ ሲደርስ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሩጫ ይሆናል። ለዚያ ሩጫ ፕሮፎርማ የሚሰጠው ራሱ ነጋዴው ነውና አይነገረውም። በዚህ መንገድ የሚሄድ ገንዘብ ወንበርና ፕሪንተር ይገዛል፤ ኮርስ አይለውጥም።

ኮርስ የሚለወጠው እንዴት ነው? አንድ ምሳሌ እንውሰድ ቢባል፣ ስድሳ ተማሪ ያለበት የሒሳብ አያያዝ ኮርስ ይሁን። በአራት በአራት ቢቧደኑ አሥራ አምስት ቡድን ይሆናሉ፤ ስለዚህ አሥራ አምስት መደብር ያስፈልጋል። መምህሩ ሴሚስተሩ ሳይጀመር እነዚህን መደብሮች ዞሮ ማነጋገር፣ ከእያንዳንዱ ባለቤት ጋር ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ መፈራረም አለበት። የኮርሱን ርዕሶች እንደገና መደርደር አለበት፤ ተማሪው በአሥረኛው ሳምንት የሚማረውን የዕቃ ቆጠራ መደብሩ በአራተኛው ሳምንት ይፈልገዋልና። ከፈተናዎቹ የትኛው ቀርቶ በመስክ ሥራው እንደሚተካ ለትምህርት ክፍሉ አስረድቶ ማስጸደቅ ይኖርበታል። በየሳምንቱ ቡድኖቹን ሰብስቦ «ምን አጋጠማችሁ? መጽሐፉ ምን ይላል? የማይገጥመው ለምንድን ነው?» ብሎ ማወያየት አለበት። ይህኛው ከቀረ ተማሪው ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ሆነ እንጂ አልተማረም። በመጨረሻም አሥራ አምስት የሒሳብ መዝገብ መመርመር አለ። ስድሳ የምርጫ ጥያቄ ወረቀት ማረም በአንድ ምሽት ያልቃል፤ አሥራ አምስት የዱቤ ደብተር ወደ መዝገብ በትክክል መገልበጡን ማረጋገጥ ግን የወር ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያደርግ መምህር ከማያደርገው መምህር ጋር እኩል ደመወዝ ይቀበላል። የማዕረግ እድገቱም በዋነኛነት የሚታየው ባሳተመው የጥናት ጽሑፍ ነው። ኑሮ በተወደደበት በዚህ ጊዜ መምህሩ ትርፍ ሰዓቱን በግል ኮሌጅ ቢያስተምርበት የልጆቹን ቀለብ ይሸፍናል። ያንን ትቶ አሥራ አምስት መደብር እንዲዞር በአገር ፍቅር ስም መጠየቅ ይቻላል፤ አንድ ሰው ሊያደርገውም ይችላል፤ አሠራር ግን አይሆንም። ነጋዴ የሰው ጊዜ ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገውም።

ስለዚህ መከፈል ያለበት የመምህሩ ጊዜ ነው። በክረምት ኮርሱን እንደገና ለሚጽፍበት ወራት፣ በሴሚስተሩ ለሚረዳው አንድ ረዳት፣ ለተማሪዎች ታክሲና ለወረቀት ማባዣ። ከዚህ ውጭ ለሆቴል አዳራሽ፣ ለአበል፣ ለቲሸርትና ለባነር አንድ ብር አያስፈልግም። ክፍያውም እንደማንኛውም ውል በደረጃ ቢሆን ይመረጣል። የመጀመሪያው ሲሶ የተለወጠው ኮርስ በትምህርት ክፍሉ ሲጸድቅ፣ ሁለተኛው ሴሚስተሩ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ደግሞ ኮርሱ በሚቀጥለው ዓመት ያለ ድጎማ እንደገና ሲሰጥ ይከፈል። ሦስተኛው ክፍያ ለመምህሩ የሚቆይ ተስፋ፣ ለከፋዩ መያዣ ነው።

አሜሪካኖቹ ይህን መንገድ ሄደውበታል። የብራውን፣ የጆርጅታውንና የስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ፕሬዚዳንቶች እ.ኤ.አ. በ1985 «ካምፓስ ኮምፓክት» የተባለውን ማኅበር ካቋቋሙ በኋላ፣ በ1993 የወጣው የአገልግሎት ሕግ «ለርን ኤንድ ሰርቭ አሜሪካ» በተባለ መርሐ ግብር አማካይነት የፌዴራል ገንዘብ ለትምህርት ተቋማት እንዲደርስ አደረገ። በብዙ ዩኒቨርስቲዎችም ኮርሳቸውን ለሚለውጡ መምህራን አነስተኛ ድጎማ መስጠት የተለመደ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 ምክር ቤታቸው የመርሐ ግብሩን በጀት ሰረዘው። በመንግሥት ገንዘብ ላይ ብቻ የቆመ ነገር በአንድ የበጀት ክርክር ሊቀር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አያስፈልግም፤ በኮርስ ውስጥ ተጽፎ የጸደቀ ነገር ግን በበጀት መሰረዝ ብቻ አይፋቅም።

የነጋዴው ስጋት

እስከዚህ የተባለው ሁሉ አንድ ትልቅ እንቅፋት ይጠብቀዋል፤ መሸፋፈንም አይገባም። ነጋዴው ደብተሩን ለማንም አያሳይም። ለባልንጀራው ያላሳየውን ለሃያ ዓመት ወጣት፣ ያውም ከመንግሥት ዩኒቨርስቲ ለመጣ፣ የሚያሳይበት ምክንያት ምንድን ነው? ዛሬ የተቆጠረው ዕቃ ነገ ግብር ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ላለመገኘቱ ማን ዋስ ይሆናል?

ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የነበረውን ነጋዴ በደረጃ «ሐ» መድቦ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልጣለበትም ነበር። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲሠራ ገማቾች በየመደብሩ ዞሩ፤ ግምቱ ይፋ ሲሆንም በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ከፍተኛ ቅሬታ ተነሣ፤ ሱቅ የተዘጋባቸው ቦታዎችም ነበሩ። ከዚያ ክረምት ወዲህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ወደ መደብር የሚገባ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል።

ነገር ግን ያንኑ ክረምት ከሌላ አቅጣጫ ማየትም ይቻላል። «ተበዝቶብኛል» ያለው ነጋዴ «ትክክለኛው ስንት ነው?» ሲባል በእጁ ምን ነበረው? የካርቶን ቅዳጁ ተጥሏል፤ የዱቤ ደብተሩ የተሸጠውን ሁሉ አያሳይም። ገማቹ በግምት፣ ነጋዴውም በግምት ተከራከሩ፤ በእንዲህ ያለ ክርክር ደግሞ የሚረታው ማኅተም ያለው ወገን ነው። የስድስት ወር ንጹሕ መዝገብ የነበረው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚያቀርበው ነገር ይኖረው ነበር። መዝገብ የሚያስፈራው ገቢው ከተገመተበት በላይ ለሆነ ነጋዴ ነው፤ ገቢው ከተገመተበት በታች ለሆነው መከላከያው ነው። የትኛው ቡድን እንደሚበዛ እያንዳንዱ አንባቢ ራሱን ይጠይቅ።

ለስጋቱ መፍትሔ የሚሆን አሠራርም በሌላ አገር ተሞክሯል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1969ኙ የግብር ማሻሻያ ሕግ ወዲህ የተስፋፋ «ቪታ» የሚባል መርሐ ግብር አለ፤ በጎ ፈቃደኞች፣ በብዙ ቦታም የሒሳብ ትምህርት ተማሪዎች፣ አቅም ለሌላቸው ሰዎች የግብር ማስታወቂያ በነጻ ይሞላሉ። ተማሪው ፈተና አልፎ ማረጋገጫ ሳይዝ የሰው ወረቀት አይነካም። የተወሳሰበ ጉዳይ ሲመጣ «ይህ ከእኛ በላይ ነው» ብሎ ይመልሳል። የሞላውን ወረቀት ሁለተኛ ሰው ሳያየው አይወጣም። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም አለበት። እነዚህ አራት ነገሮች መርካቶ ውስጥ የማይሠሩበት ምክንያት የለም። ደብተሩ ከመደብሩ አይወጣም፤ ተማሪው ለክፍል ውይይት የሚያቀርበው የባለቤቱንና የመደብሩን ስም ሰርዞ ነው፤ መምህሩ የፈረመበት ውልም በነጋዴው እጅ ይቀራል ማለት ነው።

የሕግ ትምህርት ቤቶች በዚህ ረገድ ቀድመዋል። በ2000ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከዩኒቨርስቲዎች ጋር እየተስማማ ለነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ገንዘብ ሰጥቷል፤ በማዕከላቱም ጠበቃ ማቆም የማይችል ሰው አቤቱታ ሲያስጽፍ ተማሪው በመምህሩ ቁጥጥር ሥር ይማራል። የባለጉዳይ ምስጢር እዚያ ይጠበቃል። የቤት ኪራይና የሽያጭ ውል ሲያዋውል የሚውል ደላላ፣ የውሉ አንቀጽ በደንብ ባለመጻፉ ኮሚሽኑን ያጣበት ጊዜ ካለ፣ የሕግ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ሆኖ የውል ናሙና ቢያዘጋጅለት ምን ያህል እንደሚጠቅመው ለማስላት አይቸገርም።

«የእኛ ሥራ ነው?»

ዩኒቨርስቲ የመንግሥት ነውና ወጪው የመንግሥት ነው የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። የመምህሩ ደመወዝ በእርግጥ የመንግሥት ነው። እዚህ የሚከፈለው ግን ከደመወዙ በላይ ለሚሠራ፣ ውጤቱ በቀጥታ ወደ መደብሩ ለሚገባ ሥራ ነው። የተፈቀደላቸው የሒሳብ አዋቂዎችም ገበያችን ይወሰድብናል ሊሉ ይችላሉ፤ ተማሪው የሚሄደው ዛሬ ለሒሳብ አዋቂ ምንም ወደማይከፍለው ሱቅ ከሆነ ግን የሚወሰድ ገበያ የለም። እንዲያውም መዝገብ የለመደ ሱቅ ሲያድግ ደንበኛ ይሆናቸዋል። ሦስተኛው ክርክር ጠንከር ይላል፤ ተማሪ ይሳሳታል። አዎን፣ ይሳሳታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው የግብር ማስታወቂያ ባይሞላ፣ የዱቤ መዝገብ፣ የዕቃ ቆጠራና የዕለት ሽያጭ ላይ ብቻ ቢወሰን ይሻላል። በዚህ ላይ የሚደርስ ስሕተት ቅጣት አያመጣም፤ መምህሩም በሳምንቱ መጨረሻ ያርመዋል።

ገንዘቡን ለማስተዳደር የሚበቃው አካል ደግሞ ሩቅ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 341/1995 የተደራጁት የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች አባላት አሏቸው፤ ሥልጠናም የመስጠት ልምድ አላቸው። በአንድ ከተማ ያለ ምክር ቤት ከአባላቱ በሚያገኘው መዋጮ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ወይም አራት ኮርሶችን ብቻ ይምረጥ፤ አንድ የሒሳብ፣ አንድ የሕግ፣ ምናልባት አንድ የግብይት ኮርስ። ማስታወቂያው ለዩኒቨርስቲው ሳይሆን ለመምህራኑ ይውጣ። አመልካቹ መምህር ሁለት ነገር ብቻ ያምጣ፤ የሚለውጠውን የኮርስ ዝርዝርና የትምህርት ክፍሉን የስምምነት ደብዳቤ። ምርጫውንም ከነጋዴዎች ሁለት፣ ከመምህራን ሁለት ሆነው ይዩት።

ጊዜው ግን ይታሰብበት። መምህሩ ኮርሱን የሚጽፈው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ምክር ቤቱ ጉዳዩን መስከረም ላይ በስብሰባ ተወያይቶ፣ ጥቅምት ላይ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ገንዘቡን ታኅሣሥ ላይ ቢለቅቅ ሴሚስተሩ ተጋምሶ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ወደ መደብሩ የሚመጣው ያው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ያው መጠይቅ ነው።